ሐሙስ ከሰዓት የላክሁት መልስ

ሰዎች ካናዳ ሄጄ ለምን እንዳልተማርኩ ሲጠይቁኝ መልሴ አጭር ነው። «ሕክምና ወድጄ ነው» እላለሁ። ጠያቂው ራሱን ይነቀንቅና «እንዲህ ያለ ዕድል ይገፋል?» ይለኛል፤ እኔም ፈገግ ብዬ ወሬ እለውጣለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ እያልኩ ኖሬያለሁ። ዛሬ ግን የሆነውን እንደሆነ ልናገር ነው። ትንሽ ረዘም ስለሚል ታገሡኝ።

ያኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ የዲላ ልጅ ነኝ። አባቴ በወጣትነቱ ከጎጃም ለማስተማር መጥቶ በዚያው የቀረ የፊዚክስ መምህር ነው። እናቴ እዚያው ጌዴኦ ውስጥ የአሪቻ መንደር ልጅ ነበረች። ገበያው አጠገብ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር፤ የከተማው ግማሽ ተማሪ እሷ የሰፋችውን ለብሶ ነው ያደገው ብል ብዙም አላጋነንኩም። እኔ አንድዬ ልጃቸው ነኝ። ልደብቃችሁ አልፈልግም፣ ጉረኛ ነበርኩ። የማንኛውም ነገር መልስ በሒሳብ ይገኛል ብዬ የማምን፣ ሰው ሲያመነታ ሳይ «ይሄ ምን ያስቸግራል?» የምል ዓይነት ልጅ ነበርኩ።

በዚያ ዓመት ሁለት ነገር በላይ በላዩ መጣልኝ። አንደኛው አዲስ አበባ ያለው የአገሪቱ አንጋፋ የሕክምና ትምህርት ቤት ነው፤ እዚያ ተመደብኩ። ሁለተኛው ካናዳ ውስጥ ካለ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ የመጣ ነው፤ ሙሉ ወጪዬን ሸፍነው ፊዚክስ ሊያስተምሩኝ ተቀበሉኝ። የአባቴ ባልደረቦች የዩኒቨርሲቲውን ስም ሲሰሙ ደብዳቤውን በዓይናቸው ካላዩ አያምኑም ነበር። አባቴም ደብዳቤውን አትሞ በኪሱ ይዞት ይዞር ስለነበር ማሳየቱ አልቸገረውም።

ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት «ውጭ የሄደ ልጅ ይመለሳል? ሐኪም ብትሆኝ ደም ግፊቴን ትለኪልኛለሽ» አሉኝ። የባጃጅ ሹፌሩ ደግሞ ሒሳብ ሲመልስልኝ «እኔ ብሆን ሻንጣዬን ዛሬ ነበር የማስረው» አለ። አባቴስ? ፊዚክስ የሕይወቱ ፍቅር ነው፤ ካናዳ ሂጂ ለማለት አፉን ይበላው እንደነበር አውቃለሁ፤ ግን «ምርጫው ያንቺ ነው» ብሎ መነጽሩን መወልወል ይጀምራል። በግልጽ የተናገረችው እናቴ ብቻ ናት። «ትሄጃለሽ» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም።

እኔም እሄድ ነበር። ይህን እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ። ልቤ እዚያ ነበር።

ችግሩ የእናቴ ኩላሊት ነው። መጀመሪያ እግሯ አበጠ፤ «ቆሜ ስለምውል ነው» አለች። ከዚያ ፊቷ አበጠ። ዲላ ሆስፒታል አልጋ ይዛ ከሰነበተች በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈላት። ሰኞ ጠዋት አባቴ በኮንትራት መኪና ይዟት ሄደ። እኔም ልከተላቸው ስል እሷ ከለከለችኝ። «ሁለት ሰው ለምን ይንገላታል? አንቺ ቁጭ ብለሽ የራስሽን ጨርሺ» አለችኝ። የመኪናው መስኮት ዝቅ ብሎ ነበርና እጄን ያዘች። «ሐሙስ ሳይመሽ መልሱን ላኪ። እኔን ምክንያት አድርገሽ ብትቀሪ አልወድልሽም» አለችኝ።

ሐሙስ ያለችው የካናዳው ዩኒቨርሲቲ ቀነ ገደብ ነው። በእኛ አቆጣጠር ሐሙስ ማታ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ያበቃል። አሁን አንዳንዶቻችሁ «ለጊዜው እቀበላለሁ ብለሽ በኋላ መተው አይቻልም ነበር?» ትሉ ይሆናል። የሚሞላው ቅጽ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ላለመግባት ቃል ያስገባል። እኔ ደግሞ የተማሪ ፈተና ወረቀት አርሞ ግማሽ ነጥብ ሲሳሳት ተማሪውን ቤቱ ድረስ ፈልጎ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ልጅ ነኝ። እንደዚያ ማድረግ ትዝም አላለኝ።

ስለዚህ ሒሳቤን እንዲህ አስቀመጥኩት። እናቴ የሚሻላት ከሆነ እሄዳለሁ። ሕመሟ እኔን የሚፈልግ ከሆነ አዲስ አበባ ገብቼ አጠገቧ እሆናለሁ። እስከ ሐሙስ ሐኪሞቹ አንድ ነገር ይላሉ፤ እነሱ ያሉትን ሰምቼ እወስናለሁ።

ረቡዕ ማታ እናቴን በስልክ አገኘኋት። ድምፅዋ ደክሟል።

«ላክሽ?»

«ነገ ነው እኮ እማዬ፣ ገና ነው።»

«ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ሐኪሙ የሚለውን።»

«ሐኪሙ ያንቺን ትምህርት ምን ያውቃል?» አለችና ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። አባቴ ስልኩን ተቀበላት። ከእናቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ ያወራነው ይህንኑ ነው።

በእነዚያ ቀናት ከእኔ ጋር የነበረችው የእናቴ ታላቅ እህት ዘነበች ናት፤ ከአሪቻ የመጣችው ብቻዬን እንዳልሆን ነው። አክስቴ አማርኛን የተማረችው ገበያ ላይ ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም አንድ አድርጋ «አንተ» ትለዋለች። ልጅ ሆኜ አሾፍባት ነበር፤ እሷ ደግሞ እኔ በጌዴኦኛ ስንተባተብ ሆዷን ይዛ ትስቅብኛለች።

ሐሙስ ጠዋት ዝናብ ነበር። አባቴ ሁለት ጊዜ ስደውልለት አላነሳም። ሆስፒታል ውስጥ ስልክ ይከለከላል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ የአክስቴ ስልክ ጠራ። ተነሥታ ወደ ጓሮ ሄደች፣ እንሰቱ መሐል ገባች፣ ብዙ ቆየች። ስትመለስ ፊቷን ታጥባለች፤ ነጠላዋ ጫፉ ርሷል።

«ማን ነው አክስቴ?»

«ከአሪቻ ነው።» ዓይኔን አላየችም። «ላም ታመመ።»

«ለላም ይለቀሳል እንዴ?» አልኳት። ሳቅ ብዬ ነው ያልኳት።

«የኔ ላም ነው» አለችና የታጠበውን ልብስ ከበረንዳው ገመድ ላይ አውርዳ እንደገና ማጠብ ጀመረች። ደርቆ ሊታጠፍ የደረሰ ልብስ ነበር። እያየኋት ገረመኝ፤ ግን እኔ የራሴ ጉዳይ ነበረኝና አልጠየቅኳትም።

ትንሽ ቆይቶ ጋሽ ታምራት መጡ። የሰፈራችን የዕድር ዳኛ ናቸው፤ ያለ ጉዳይ ሰው ቤት የማይገቡ፣ ቁጥብ ሰው። ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ዝናቡን ያያሉ።

«ኔትወርኩ ዛሬ እንዴት ነው?» አሉኝ።

ጋሽ ታምራት እስከ ዛሬ የሚይዙት ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። ስለ ኔትወርክ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

«ደህና ነው ጋሼ።»

«ያ የውጭው ነገር ዛሬ ነው አሉ የሚያልቀው።»

«አዎ፣ እስከ ዐሥራ ሁለት ሰዓት።»

«ታዲያ ምን ያስጠብቅሻል?» እጃቸውን ኪሳቸው ከተው የስልክ ካርድ አወጡ። «ዳታ ያልቅብሽ ይሆናል ብዬ ነው። ያዢ። አሁኑኑ ላኪና ይውጣልሽ።»

ተናደድኩ። ሰው ሁሉ ለምን በእኔ ጉዳይ ይገባል ብዬ አሰብኩ። ካርዱን ግን ተቀበልኩ፤ የትልቅ ሰው እጅ አይመለስም። በዚያ መሐል አግዳሚ ወንበር የጫነ ባጃጅ ወደ ደጃችን ታጠፈ። ጋሽ ታምራት ብድግ ብለው እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ፤ ባጃጁ ቆመ፣ ዞረ፣ በመጣበት ተመለሰ። «ተሳስቶ ነው» አሉኝ ሳልጠይቃቸው።

አሁን ሳስበው ሁሉም ነገር ፊቴ ተዘርግቶ ነበር። ያ የምኮራበት ጭንቅላቴ አንዱንም ከአንዱ አልገጠመውም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አባቴ ደወለ።

«አባዬ፣ ምነው አታነሳም? እንዴት ናት?»

«ደህና ናት» አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ «ደህና ናት» አለ።

«ስጠኛ ላናግራት።»

«ተኝታለች። መርፌ ወግተዋት ተኝታለች። አሁን መቀስቀስ አይሆንም።»

«ሐኪሙ ምን አለ?»

ከኋላው የሰዎች ድምፅ፣ የጋሪ ጎማ የመሰለ ነገር ይሰማል። አባቴ ውሸት የማይችልበት ሰው ነው። የማይችልበት ሰው ሲዋሽ ደግሞ አጭር አያደርገውም፤ እንዲታመን ብሎ ይጨምርበታል።

«ይሻላታል ብሏል» አለኝ። «በጣም ይሻላታል። ክትትል ነው የሚያስፈልጋት። እዚሁ አዲስ አበባ። በየሳምንቱ እየመጣች ትታያለች፣ ኩላሊቷን ያጥቡላታል። ለጥቂት ዓመት ያህል። ከዚያ በኋላ ደህና ትሆናለች።» ትንፋሹ ተቆራረጠ። «አንቺ ስለ እሷ አታስቢ። ሂጂ ነው ያለችሽ። ላኪውና ንገሪኝ፣ እሺ?»

«እያለቀስክ ነው እንዴ?»

«ጉንፋን ይዞኝ ነው» አለ።

ስልኩን ዘግቼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ልቤ እንዴት ቀለል እንዳለው ልነግራችሁ አልችልም። ትድናለች። ክትትል ብቻ ነው። ቀጥሎ ግን ያ ሒሳበኛ ጭንቅላቴ ሥራውን ጀመረ። በየሳምንቱ አዲስ አበባ? ማን ያመላልሳታል? አባቴ ዲላ ያስተምራል። አዲስ አበባ ውስጥ አንድም ዘመድ የለንም። እግሯ ያበጠ ሴት በሰዎች ትከሻ መሐል አውቶቡስ ስትሳፈር ታየኝ። እኔ ደግሞ የማረፊያ ክፍል ተሰጥቶኝ፣ ሐኪሞች መሐል ተቀምጬ፣ እሷ ከምትታይበት ሆስፒታል በእግር መንገድ ርቀት ላይ መኖር እችላለሁ። ክፍል ካገኘንላት ጭራሽ አብረን መኖር እንችላለን። ምን ያስቸግራል?

ካናዳን ትንሽ አየሁት። የግቢውን ፎቶግራፍ በስልኬ ከፍቼ አየሁ፤ ያንን በረዶ የለበሰ ሕንፃ በቃሌ አውቀው ነበር። አለቀስኩም። እናቴ ትቆጣለች ብዬ አሰብኩ፤ ለወር ያህል አታናግረኝም፣ ከዚያ አንድ ቀን ሆስፒታል ሳደርሳት «እንኳን ቀረሽ» ትለኛለች ብዬ አሰብኩ። ያንን «እንኳን ቀረሽ» እየሰማሁ ለዐሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን «አልቀበልም» የሚለውን ተጫንኩ። እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኩ።

ወደ ሳሎን ስወጣ አክስቴና ጋሽ ታምራት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሁለቱም ቀና አሉ።

«ላክህ?» አለች አክስቴ።

«ላክሁ።»

ምን ብዬ እንደላክሁ አልጠየቁኝም። ሂጂ የተባለች ልጅ ሌላ ምን ትልካለች? እኔም ከእናቴ በፊት ማንም መስማት የለበትም ብዬ ዝም አልኩ። ጋሽ ታምራት ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ፣ ተነሡ፣ ግንባሬን ስመውኝ ወጡ። ስመውኝ አያውቁም ነበር። አክስቴ እራት አቀረበችልኝ። «ብላ ልጄ፣ ነገ አቅም ያስፈልጋል» አለችኝ። በላሁ። ደስ ብሎኝ በላሁ። በዚያች ምሽት የት ሰፈር ክፍል እንደምንከራይ እያሰብኩ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሊነጋጋ ሲል የተነሣሁት በእግር ኮቴ ነው። ብዙ ኮቴ ነበር፣ የማይናገር ሰው ኮቴ። ተነሥቼ በሩን ስከፍት ጋሽ ታምራት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል፤ ከኋላቸው ጎረቤቱ ሁሉ፣ የአባቴ ባልደረቦች፣ ከአሪቻ የመጡ የእናቴ ዘመዶች አሉ። ከሁሉም ፊት አባቴ ነበር። ማንም ምንም አላለኝም። መርዶ ለካ ቃል አያስፈልገውም።

እናቴ ያረፈችው ሐሙስ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። አባቴ በደወለልኝ ሰዓት ከሞተች ሁለት ሰዓት አልፏታል። ቀድሞ የደወለው ለአክስቴና ለጋሽ ታምራት ነው። ልጅቷ አሁን ከሰማች ትቀራለች፣ የእናቷም ቃል ይሰበራል፣ መልሱን እስክትልክ ማንም ትንፍሽ እንዳይል ብለው ተስማሙ። መቼም መርዶ የሚነገረው ሲነጋ ነው፤ ወጉን ጥቂት ሰዓት ማክበር ማለት ነው፣ ምን ክፋት አለው? ድንኳኑ ሲነጋ ሊተከል ተዘጋጅቶ ነበር። የዕድሩን ወንበር የጫነው ባጃጅ ብቻ ትንሽ ቸኮለ።

ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው። በዚያች ማለዳ አባቴ አቅፎኝ፣ ጢሙ በእንባ ርሶ፣ በጆሮዬ የነገረኝ አንድ ነገር ነው። «እንኳን ላክሽ» አለኝ። «እንኳን ላክሽ ልጄ። እሷን ደስ የሚላት ይኸው ነበር።»

አፌን ከፈትኩ፣ ግን ድምፅ አልወጣኝም። ሰው ሁሉ በሐዘን ነው ብሎ አሰበ።

በሠልስቱ ማግስት የአባቴ ባልደረባ «መቼ ነው ጉዞሽ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ከዚያ በላይ መደበቅ አልቻልኩም። አልሄድም አልኩ። አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። «አልቀበልም ብዬ ነው የላክሁት። ሕክምና መማር እፈልጋለሁ» አልኩ። የሚዋሸው ሰው መቼም አጭር አያደርገውም፤ እኔም ጨመርኩበት። ፊዚክስ ሰልችቶኛል አልኩ። ለአባቴ፣ በእናቴ ድንኳን ውስጥ፣ ፊዚክስ ሰልችቶኛል አልኩት። በዚያው ሳምንት ተደብቄ ለዩኒቨርሲቲው ጻፍኩ፤ የሆነውን ነገርኳቸው። ሐዘኔን በትሕትና ተካፍለው ቦታው ለሌላ ተማሪ መሰጠቱን አሳወቁኝ። ያንን ደብዳቤ ለማንም አላሳየሁም።

ሕክምናውን ተማርኩት። አልጠላሁትም፤ አንዳንድ ቀን እወደዋለሁ። አሁን የመጨረሻ ዓመቴ ላይ ነኝ፤ ውዬ የማድረው ዋርድ ውስጥ ነው። ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ የማይቀር ነገር አለ፤ የታማሚ ዘመድ ኮሪደር ላይ ጎተት ያደርገኝና «ለልጁ እንዳትነግሪው፣ ፈተና ላይ ነው» ወይም «እህቷ አሁን አትስማ፣ መንገድ ላይ ናት» ይለኛል። እናንተም ብላችሁ ታውቁ ይሆናል፤ እኔም አልፈርድባችሁም። ክፉ ሰው ሲደብቅ አላየሁም፤ የሚደብቁት የሚወዱ ናቸው። አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፤ «ያ ሰው ዛሬ የሚወስነው ነገር አለ?» እላለሁ። ካለ ንገሩት። እየተንቀጠቀጠም ቢሆን፣ ተሳስቶም ቢሆን፣ በእውነተኛው ነገር ላይ ተመሥርቶ ይሳሳት። እኔ ብሰማ ኖሮ ልቀር እችል ነበር፣ ልሄድም እችል ነበር፤ አላውቀውም። የሚያሳዝነኝ ካናዳ መቅረቱ ብቻ አይደለም። በዚያች ሐሙስ ያልኖረ ነገር ላይ ቆሜ መወሰኔ፣ እናቴንም በሞተችበት ቀን አሳዝኜ መሸኘቴ ነው።

ባለፈው በዓል ዲላ ነበርኩ። አባቴ ጡረታ ወጥቷል፤ የሰፈሩን ልጆች በነፃ ያስጠናል። ልጆቹ ሲሄዱ ጥቁር ሰሌዳውን እያጠፋ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ድንገት ተናገረ።

«‹ክትትል› ያልኩሽ እኔ ነኝ አይደል?»

«ምን ክትትል?»

«በስልክ። በየሳምንቱ፣ አዲስ አበባ፣ ለጥቂት ዓመት።» እጁ ሰሌዳው ላይ ቆመ። «ሐኪሙ እንደዚያ አላለም። ከየት እንዳመጣሁትም አላውቅም። ያልኩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።»

«አይ አባዬ» አልኩት። «ሕክምና ወድጄ ነው።»

«እሺ» አለ። የተሳሳተ መልስ የሰጠ ተማሪን ሰው ፊት ማሳፈር ሲያስጠላው የሚላት «እሺ» ናት፤ ተማሪው ሳለሁ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጬ ሰምቻታለሁ። ከዚያ ስለ ዝናብ አወራን።

አባዬ፣ ይህን እንደምታነበው አውቃለሁ፤ የምጽፈውን ሁሉ ታነባለህና። አዎ፣ የቀረሁት በዚያ ቃል ነው። ፊዚክስም ሰልችቶኝ አያውቅም። ፊት ለፊት ልነግርህ ስድስት ዓመት ሞክሬ አቃተኝ። አልተቀየምኩህም። ግን እማዬን አንድም ቀን አብረን አላለቀስናትም፤ አንተ በአንድ ክፍል፣ እኔ በሌላ ክፍል ነው ያለቀስናት። ቅዳሜ ዲላ እገባለሁ። በሩን ስትከፍትልኝ ሌላ ወሬ አንጀምር።